መድኃኒቱ የት አለ

ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ውድ ቤቲ፣

ኪጋሊን ለመድሻት ወይ? ምግቡስ ተስማማሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ደክሞናል እንጂ ደህና ነን።

በደብዳቤ እንጻጻፍ ያልሽው መጀመሪያ አሳቀኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ነሽ። በስልክ ስናወራ እንጣላለን። ስልኩስ መች ያስወራናል? አንዱን ወሬ ሳንጨርስ ሌላው መስመር ይጮኻል። ኢሜይል ላይ ማንም አያቋርጠኝም። «ለምን ስልኬን አታነሺም» ላልሽውም መልሱ ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ሳነሳ እውላለሁና የራሴ ሲጠራ እጄ እምቢ ይለኛል።

የሥራ ክፍላችን እንዳለች ናት። ታች ያለው በር ሠሪ ዛሬም ብረት መቁረጫውን የሚያስነሳው እኛ ስልክ ስናነሳ ጠብቆ ነው የሚመስለው። መንገዱ ስለተቆፈረ ከአጠና ተራ ጀምሮ ያለውን በእግር ነው የምንመጣው። ፅጌና እሙ ጠዋት ገብተው ፋርማሲ በፋርማሲ ይደውላሉ። «ኢንሱሊን ገባ? የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ? የታይሮይዱስ?» ይላሉ። የተነገራቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ይሞላሉ። ከዚያ ሰው መድኃኒት አጥቶ ሲደውልልን ወይ በቴሌግራም ሲጽፍልን የቱ ፋርማሲ እንዳለ እንነግረዋለን።

ይሄን የምጽፍልሽ ረስተሽዋል ብዬ አይደለም። «ማሽኑ ብቻውን ምን ያህሉን ይመልሳል?» ያልሽው ጥያቄ ከነከነኝ። እኔና አንቺ «የት አለ»ን ስንጀምር ፋርማሲዎቹ መድኃኒት ሲገባና ሲያልቅ ራሳቸው አፑ ላይ ይሞላሉ ብለን ነበር። አይሞሉም ቤቲ። ባለሙያው ብቻውን ነው የሚውለው፣ ወረፋው በር ላይ ነው፣ መብራት ይሄድበታል። አፑን ከፍቶ ከመሙላት ለፅጌ በስልክ መንገር ይቀለዋል። ስለዚህ ማሽኑ ብቻውን የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል። ይሄንን በግልጽ ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

እናትሽ ጋ ሳንሱሲ ሄጄ ነበር። እትዬ አልማዜ ደህና ናቸው። «ልጄ የሠራችው ማሽን» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩልሻል። እኔም ሳላርማቸው እሰማለሁ።

እዚያ መድረክ ላይ ወጥተሽ እንደምትናገሪ ነግረሽኝ ነበር። ምን ልትይ ነው?

ኢክላስ


ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኪጋሊ

ኢኩዬ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ሳልጽፍልሽ የሰነበትኩት ረስቼሽ አይደለም። እዚህ ጠዋት ከገባን በኋላ ቀና የምንልበት ጊዜ የለም።

ምግቡ ደህና ነው፣ አየሩም እንደ እኛው ነው። ከተማዋ ኮረብታ በኮረብታ ናት። በሞተር ታክሲ ስወጣና ስወርድ እውላለሁ፣ ተሳፋሪውም እንደ ነጂው ሄልሜት ያደርጋል። ለሥልጠናው ከየአገሩ የመጣን ጀማሪ ኩባንያዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው የምንሠራው። ናይጄሪያዎቹ ሲናገሩ እንኳን ኢንቨስተሩ እኔም ገንዘብ ልስጣቸው እላለሁ። አሁን ሁሉም ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቃል። የስታርትአፕ አዋጁ ወጣ አይደል፣ ባንኩ ለውጭ ተከፈተ አይደል፣ ሕዝቡ ብዙ ነው አይደል ይሉኛል። አገሩን ሁሉ ወክዬ የመጣሁ ይመስል እየኮራሁ እመልሳለሁ። ከዚህ በፊት አገራችንን አልፈው ነበር የሚሄዱት ኢኩ። አሁን ቆም ብለው እያዩን ነው። እንዲህ የሚያዩን እስከመቼ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ የማስበው እሱን ብቻ ነው።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ተናግሬያለሁ። ጥሩ ነበር። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ዝርዝሩን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ።

ግሬስ የምትባል ኬንያዊት አለች። ናይሮቢ ላለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው የምትሠራው። ከንግግሩ በኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ አታወራም፣ ትጠይቃለች። ወድዳናለች ብዬ አስባለሁ።

አባትሽ ደህና ናቸው? ለፅጌና ለእሙ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእማዬ እንደምደውልላት ንገሪያት።

ቤቲ


ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ውድ ቤቲ፣

እንደምን አለሽ። አባዬ ደህና ነው። ቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ያ የመድኃኒት ነገር አላለቀም?» ይለኛል። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት ስልክ ለማንሳት መሆኑ አልዋጥለት ብሏል። ኮልፌ ገበያ ያሉ ጓደኞቹ ልጆች ዱባይ እየሄዱ ዕቃ ያመጣሉ፣ እኔ «አልቋል» እና «ገብቷል» የሚል ወሬ ነው የማመጣው።

ዝርዝሩን ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ንግግሩ ራሱ መጣልኝ። ፅጌ ቴሌግራም ላይ አግኝታው ሦስታችን አንድ ላይ አየነው። ቀሚሱ ያምርብሻል። እንግሊዝኛሽም አሪፍ ሆኗል።

«የት አለ በከተማው ያሉ ፋርማሲዎችን ክምችት ያለ ሰው እጅ በራሱ ይከታተላል» ስትይ ወደ ስልኩ ተጠጋን። ታች መቁረጫው እየሠራ ነበር፣ ግን ደህና ተሰማን። እሙ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትምና «ምን አለች?» አለች። ፅጌ ተረጎመችላት። እሙ «እና እኛ ነን ማሽኑ?» አለች። ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ሁለቱም ስልካቸውን አንስተው መደወል ጀመሩ።

አልተቆጣሁም። ብቆጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቁጣ ጉልበት ይሰጣል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሆቴል ስብሰባ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ነው። ሁሉም ቲሸርት ለብሷል፣ ሁሉም ካርድ ያድላል፣ ሁሉም የሚናገረው ነገር ገና ሊሆን ያለ ነው። «እንሠራለን» የሚለው ቃል ጠፍቷል፣ «ሠርተናል» ነው የሚባለው። አንቺ ብቻሽን አይደለሽም ማለቴ ነው። ግን የእኛ መስመር ላይ የሚደውለው ሰው ታሟል። ሌላው አፕ ቢዋሽ የሚቀረው ፒዛ ነው።

እስቲ ለግሬስ ምን እንዳልሻት ንገሪኝ። እሷም የምታውቀው ይሄንኑ ነው?

ኢክላስ


ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኪጋሊ

ኢኩ፣

አዎ፣ እሷም የምታውቀው ይሄንኑ ነው።

ይቅርታ ስልሽ አትቀበይኝም ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ቆየሁ። ፅጌና እሙ ያዩታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይሄ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አሠልጣኞቹ ንግግራችንን ደጋግመው አሰሙን። እኔ መጀመሪያ እውነቱን ነው ያስቀመጥኩት። አንዱ «ሰዎቹን አውጪያቸው» አለኝ። «ሰው ካለ ይሄ የስልክ ማዞሪያ ቤት ነው፣ ማንም አይሰማሽም» አለ። አወጣኋቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀለለ። እየደጋገምኩት ስመጣ እኔም ማመን ጀመርኩ። ደግሞ ውሸት ብቻ አይደለም ኢኩ። ገንዘቡ ከመጣ የፋርማሲዎቹን የሽያጭ ኮምፒውተር ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ነገር እንሠራለን፣ አንድ ጠርሙስ በተሸጠ ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። ያኔ የተናገርኩት እውነት ይሆናል። አሁን ያልሆነውን ነገር ነው ቀድሜ የተናገርኩት።

ግሬስ ጥር ውስጥ አዲስ አበባ ትመጣለች። የተለያዩ ኩባንያዎች ታያለች፣ እኛ ጋም ኮልፌ ድረስ ትመጣለች። ሥልጠናው ስላላለቀ እኔ መምጣት አልችልም። አንቺ ነሽ የምታስተናግጃት።

የምለምንሽ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ፅጌና እሙ ያን ቀን ይረፉ። ስልኮቹ ይዘጉ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ። ፈልጊላት፣ ይገኛል፣ ታያለች፣ ትሄዳለች። ለአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሕይወታችን ሌላ ይሆናል፣ የእነሱም ጭምር።

እማዬ እግሯን እንዳመማት ትናንት ነገረችኝ። ያልጻፍሽልኝ እንዳልጨነቅ ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል።

ቤቲ


ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ቤቲ፣

እሺ። ልጆቹን እነግራቸዋለሁ።

የእትዬ አልማዜ እግር ተሽሏል። ቅባቱን አስኮ አግኝቼ ወስጄላቸዋለሁ።

ከዚህ በላይ አሁን አልጽፍም።

ኢክላስ


ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ቤቲ፣

ግሬስ ከእኔ ቀድማ እንደነገረችሽ ከመልእክትሽ ገባኝ። «ምን አደረግሽ?» ብቻ ነው የጻፍሽው። ያደረግኩትን ልንገርሽ።

ያልሽውን ሁሉ አድርጌ ነበር። ፅጌንና እሙን ቤት ዋሉ አልኳቸው፣ የዕለት ደመወዛቸው እንደማይቀር ነገርኳቸው። እሙ «እሺ» አለች። ፅጌ ጠረጴዛዋን ጠርጋ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ጠቅልላ ከስልኩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከታ ወጣች። ታች ያለውን በር ሠሪም ለምኜው መቁረጫውን አላስነሳም።

ግሬስ መጣች። ትልቅ ሴት ናት፣ የእናቶቻችን ታናሽ ብትሆን ነው። ደረጃውን ወጥታ ትንሽ አረፈችና በመስኮት ኮልፌን አየች። «ሥራ የሚበዛበት ሰፈር ነው» አለች። የላክሽልኝን ስክሪን አሳየኋት። ፈለግኩ፣ ተገኘ። ሌላ ፈለግኩ፣ ተገኘ። ማስታወሻም አልያዘችም፣ እኔን ነበር የምታየው።

ስልኩ ጠራ። መዝጋቱን ረስቼው ነው። ረሳሁት ነው የምልሽ፣ ከፈለግሽ እመኚኝ።

አነሳሁት። ሴት ናት፣ ከአስኮ ነው የምትደውለው። «እህቴ፣ የልጄ መድኃኒት አልቆብኛል» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት ጣላት። የማውቃቸውን ሁሉ አዳረስኩ። የለም ይሉኛል። ልጅቷን አዝያት ነው ያለሁት።»

የሚጥል በሽታ ሽሮፕ ነው፣ ፌኖባርቢታል። ስክሪኑ ላይ እዚያው አስኮ ያለ አንድ ፋርማሲ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አለ ማለት ነው። ግን የተሞላው ከትናንት ወዲያ ነው፣ ዛሬ የደወለለት የለም። ግሬስ አጠገቤ ቆማ አረንጓዴውን ታየዋለች። እሱን አንብቤላት ስልኩን ብዘጋው ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ትሄዳለች። ይኖር ይሆናል፣ አይኖርም ይሆናል። የማላውቀውን ነገር ለሷ እንደማውቀው አድርጌ መንገር አቃተኝ።

«እናቴ፣ አንዴ ጠብቂኝ፣ እንዳትዘጊው» አልኳት። የፅጌን መሳቢያ ከፍቼ ሌላውን ስልክ አወጣሁ። አረንጓዴው ጋ ደወልኩ፣ አልቋል። ሌላ ጋ ደወልኩ፣ አላነሱም። ሌላው «ነገ ጠይቂኝ» አለኝ። ሳንሱሲ ያለው ፋርማሲስት ሰብስቤ፣ ድምፄን ያውቀዋልና፣ «ኢክላስ፣ አንድ ጠርሙስ አለኝ፣ በማን ስም ላስቀምጥልሽ?» አለኝ። የሴትዮዋን ስም ጠይቄ ነገርኩት። እሷንም በየት እንደምትሄድ ነገርኳት። «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ዘጋች።

ግሬስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይሄን በየቀኑ የሚሠራው ማነው?» አለችኝ።

«እኔና ሁለት ልጆች ነን።»

«የት ናቸው?»

«ዛሬ እንዳይመጡ ተነግሯቸዋል።»

ማን ነገራቸው ብላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ስልኮች ሳነሳ ተቀምጣ ሰማች። አማርኛ አታውቅም፣ ግን ፊቴን እያየች ትከተለኝ ነበር። ተገኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ያወቀች ይመስለኛል። ልትሄድ ስትል እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። ታክሲ ልጥራልሽ ብላት እስከ ዋናው መንገድ በእግሯ ወረደች።

አልከሰስኩሽም። ስልክ ነው ያነሳሁት።

ኢክላስ


መጋቢት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኪጋሊ

ኢኩ፣

ዝም ማለቴ ቅጣት መስሎሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ነበር። በኋላ ግን የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ገንዘቡን አልፈቀዱልንም። ይሄን ሳትገምቺው አትቀሪም። ግሬስ ለብቻዬ ጠርታ ነው የነገረችኝ። እንደምትጮኽብኝ ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸችም። እንዲህ ዓይነት ውሸት በየሳምንቱ እንደምትሰማ ነገረችኝ፣ ደክሟታል። «ጓደኛሽ የምትሠራው እውነተኛ ሥራ ነው» አለችኝ። «እኛ ገንዘብ የምናስገባው ግን በሚባዛ ነገር ላይ ነው። ማሽን ይባዛል። ያቺን ሴት በየከተማው ላባዛት አልችልም።» ከሱ በኋላ ስለ አየር ማረፊያው መንገድ አወራን።

ሥልጠናው አልቋል። የመዝጊያው ቀን ሌሎቹ ቤተሰቦቻቸውን ጠርተው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ጥግ ይዤ የተረፈውን ሳምቡሳ ስበላ አመሸሁ።

«መች ትመጪያለሽ?» ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። እዚሁ አንድ የዕቃ ማድረሻ ኩባንያ ሥራ ሰጥቶኛል። ወደ ኢትዮጵያ መግባት ይፈልጋሉ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። እሺ ብያለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም። የምትደውልልኝ የማሽኑን ነገር ለመጠየቅ ነው፣ «ደህና ነው» እላታለሁ። አንቺም እንዳትነግሪያት፣ እባክሽ።

መስመሩን እንዝጋው። ለፋርማሲዎቹ የምስጋና ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ። ንግድ ፈቃዱን መመለስ ብቻ ነው የሚቀረው። አንቺም ታርፊያለሽ። ስንት ዓመት ነው እንቅልፍሽን ሳትጠግቢ የኖርሽው? በዚያ ቀን ስልኩን ዘግተሽው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ማሰብ ትቻለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ትቻለሁ።

ቤቲ


ሚያዝያ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ውድ ቤቲ፣

ሥራውን እንኳን አገኘሽ። ከልቤ ነው።

መዝጋቱን ሞክሬው ነበር፣ ይሄን ማወቅ አለብሽ። ደብዳቤሽ በመጣ ማግስት ፋርማሲዎቹ ጋ እየደወልኩ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንደውልም» ማለት ጀመርኩ። ገላገልኳቸው ብዬ ነበር። ከኮልፌ ፌርማታ በላይ ያሉት ፋርማሲስት፣ ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ትዝ ይሉሻል አይደል፣ ሁልጊዜ «አሁን ሥራ ይዣለሁ» ብለው የሚዘጉብን? እሳቸው «ምን ማለትሽ ነው የምትዘጊው?» አሉኝ። «እኔ ጋ የሌለውን ሰው የት እልካለሁ? በሽተኛ መጥቶ የለም ስለው ወዲያው ያንቺን ቁጥር ነው የምጽፍለት።» ሌሎቹም እንደዚሁ እንደሚያደርጉ ያወቅኩት ያኔ ነው። እኛ ለእነሱ ስንደውል የምናስቸግራቸው ነበር የመሰለኝ።

እሳቸው ሌሎቹን አነጋገሩ። የፋርማሲዎቹ ባለቤቶች ማኅበር ሆነው በየወሩ እያዋጡ መስመሩን ሊይዙት ተስማሙ። ክፍሉን ለቀናል። አሁን ያለነው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ፋርማሲ ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ ነው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ሁለት ስልክ። ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፣ ስለዚህ እኔና እሙ ነን። እኔ ከሰዓት በኋላ አባዬ ሱቅ ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ደስ ብሎታል፣ ግን ደስ እንዳለው እንዳይታወቅበት ፊቱን ያጠቁራል።

ስታርትአፕ አይደለንም ከእንግዲህ። ይሄን ሳልነግራቸው የዓመቱ ሽልማት አዘጋጆች ደውለው «ተስፋ ከተጣለባቸው» ውስጥ መረጥናችሁ አሉኝ። ስልኩን ካነሳሁ በኋላ እምቢ ማለት አቅቶኝ ሄድኩ። አዳራሹ ካለፈው በእጥፍ ሰፍቷል። ሚኒስቴር አለ፣ ባንክ አለ፣ ከውጭ የመጡ አሉ። ጀማሪዎቹ ያወሩት ነገር ዘንድሮ ደህና ነው፣ አንዳንዱ እውነትም ይሠራል። እያደገ ነው ቤቲ፣ አልዋሸሽም። በር ላይ እንግዳ የምትቀበለው ማን መሰለችሽ? ፅጌ። አንድ አዲስ ኩባንያ የደንበኞች ክፍል ኃላፊ አድርጓታል፣ ቲሸርታቸውን ለብሳለች፣ ከእኛ የተሻለ ይከፍሏታል። አቅፋኝ «ስልክ ማንሳት የሚያውቅ ሰው አጥተው ነበር» አለችኝ። የእኛ ስም ሲጠራ እኔ አልተነሳሁም። ሁለቴ ጠርተው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ፈቃዱ በሁለታችን ስም ነው። ለማኅበሩ እንዲዛወር ያንቺ ፊርማ ያስፈልጋል። ኤምባሲ ሄደሽ ውክልና ላኪልኝ።

ሌላው ነገር እትዬ አልማዜ ናቸው። እንዳትነግሪያት ብለሽኛል፣ አልነገርኩም። ግን ባለፈው እሑድ ሄጄ «ልጄ መቼ ነው የምትመጣው፣ ማሽኑስ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ለሰው የሌለ ነገር አለ ማለት ሰልችቶኛል።

ኢክላስ


ግንቦት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኪጋሊ

ኢኩዬ፣

ውክልናው ለምን እንዳልደረሰሽ ጠይቀሽኛል። ያልላክሁት ራሴ እፈርማለሁ ብዬ ነው። ራሴም ፈርሜያለሁ፣ ወረቀቱ እማዬ ጋ ሳንሱሲ ተቀምጦልሻል። አዎ፣ መጥቼ ነበር።

ኩባንያው ለስብሰባ ልኮኝ ነው የመጣሁት። ሆቴል ይዘውልኝ ነበር፣ የመጨረሻውን ቀን ግን እማዬ ጋ አደርኩ። ነገርኳት። ማሽን እንዳልነበረ፣ እንዳልተሳካ፣ ሌላ ሥራ እንደያዝኩና እዚያው እንደምኖር፣ ሁሉንም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ሰምታኝ ስትጨርስ «ታዲያ ኢክላስ ብቻዋን ናት?» አለችኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም። እሙ አለች ልላት ፈልጌ አፈርኩ።

በማግስቱ ወደ አየር ማረፊያ ከመሄዴ በፊት ኮልፌ ወረድኩ። መንገዱ አልቆ አምሮበታል፣ ጠፍቶብኝ ሰው ጠየቅኩ። ፋርማሲው በር ላይ ቆሜ በመስታወቱ አየሁሽ። ስልኩን በትከሻሽ ይዘሽ ትጽፊ ነበር። ከስተሻል። ቀና ብለሽ አየሽኝና እጅሽን አነሳሽ። ፊትሽ አልተለወጠም። ሰላም ብለሽኝ ወደ ሥራሽ የተመለስሽ መሰለኝ። እዚያ ገብቼ ምን እላለሁ? ያቺ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ እንዳለ ጽፈሽልኛል። ተመለስኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኜ ልልሽ የነበረውን ሁሉ አሰብኩት። አሁን ልጽፈው ስል ይቅርታ ከሚለው ሌላ የቀረ ነገር የለም። ይቅርታ ኢኩ።

ተቆጥተሽብኝ ነበር ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ቤቲ


ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ

ቤቲዬ፣

ወረቀቱን እትዬ አልማዜ ራሳቸው በታክሲ ይዘውልኝ መጡ። እግራቸው እያመማቸው ለምን መጡ ስላቸው «ሥራሽን ልየው ብዬ ነው» አሉኝ። እሙ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ቆይተው ሰው ሲደውል ሲሰሙ ዋሉ፣ መድኃኒት በተገኘ ቁጥር «ተመስገን» ይላሉ።

ለጠየቅሽኝ፣ አልተቆጣሁም። እጄን ያነሳሁት ሰላም ልልሽ አልነበረም። ጠብቂኝ ልልሽ ነው።

መስመሩ ላይ የነበሩት ከወለቴ የደወሉ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ስለማይሰማ የፋርማሲውን ስም ሦስቴ ነገርኳቸው፣ ፊደል በፊደል። ያን ጊዜ ዘግቼው ልነሳ አልቻልኩም፣ ታውቂዋለሽ። አንቺን በሩ ላይ ሳይሽ ልቤ እንዴት እንደሆነ ፊቴ ላይ ያልታየሽ ድምፄ እንዳይለወጥባቸው ብዬ ነው። ጨርሼ ቀና ስል የለሽም። ጫማዬን እየጎተትኩ እስከ ፌርማታው ሮጥኩ። ረዳቱ «አስኮ፣ ሳንሱሲ» እያለ ይጣራል፣ በየታክሲው መስኮት እያየሁ አለፍኩ። አላገኘሁሽም። ተመልሼ ስገባ ስልኩ ይጮህ ነበር፣ አነሳሁት።

ስላለፈው ነገር ሌላ የምጽፍልሽ የለኝም። ደክሞኛል፣ አንቺም ደክሞሻል። ይቅርታ ብለሽኛል፣ ሰምቻለሁ፣ ይበቃል።

ግን አንድ ነገር ስሚኝ። እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስልክ ይዤ ነው የሚያገኘኝ። በሩን ይደገፋል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ግን ይጠብቀኛል። ሁሌም ጨርሼ ቀና እላለሁ።

ስትመጪ ጠብቂኝ።

ኢክላስ